ካሜራው የሚያውቀው ታርጋውን ነው፤ ቅጣቱን የሚከፍለው ማን ነው?

ከመገናኛ ተነስቶ በላምበረት፣ በወሰንና በኮተቤ አድርጎ ወደ ካራ የሚዘልቀው መንገድ የሚኒባስ ታክሲና የአይሱዙ መንገድ ነው። ወደ ሰንዳፋ፣ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚሄድ ጭነት በዚሁ ይወጣል። በመስመሩ ከሚሠሩት ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹን የሚነዳቸው ባለንብረቱ አይደለም። ታክሲው በቀን ገቢ ለሾፌር ይሰጣል፤ አይሱዙው ደመወዝተኛ ይቀጠርለታል።

በተለመደው አሠራር ትራፊክ ፖሊስ መኪናውን ያስቆማል፣ መንጃ ፈቃድ ይቀበላል፣ የቅጣት ወረቀት ይጽፋል። ጥፋተኛው ፊት ለፊት ስላለ የሚያከራክር ነገር የለም፤ ሾፌሩ ይከፍላል። ካሜራ ግን አያስቆምም። የሚያነሳው ታርጋውን ሲሆን፣ ታርጋው የሚመራው ደግሞ ወደ ሊብሬው ነው። ለመሆኑ ሊብሬው ላይ የሰፈረው ስም የማን ነው?

የመኪና ደላሎች መልሱን ከማንም በላይ ያውቁታል። በአዲስ አበባ ገበያ በውክልና የሚሸጥ መኪና ብርቅ አይደለም። ገዢው የስም ማዛወሪያውን ወጪና ምልልስ ለመሸሽ፣ አንዳንዱም አትርፎ ቶሎ ለመሸጥ ሲል ውልና ማስረጃ ሄዶ ውክልና ይቀበላል። ውክልናው ለሦስተኛ ወገን የሚተላለፍ ከሆነም መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሊብሬው የመጀመሪያውን ሻጭ ስም እንደያዘ ይቀራል። አንድ የወሰን ነጋዴ ከአምስት ዓመት በፊት አይሱዙውን በዚህ መንገድ ሸጠ እንበል። ዛሬ መኪናው ቀይ መብራት ቢጥስ ካሜራው የሚያገኘው እሱን ነው። አድራሻው በቀበሌ ዘመን የተመዘገበ ከሆነማ እሱንም አያገኘውም።

መሣሪያው እየመጣ ነው። የዓለም ባንክ በ2008 ዓ.ም. የፈቀደው የ300 ሚሊዮን ዶላር የትራንስፖርት ፕሮጀክት የአዲስ አበባን መስቀለኛ መንገዶችና የትራፊክ መብራቶች ማሻሻልን ያካተተ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም የመገናኛ–ሲኤምሲን መስመር ይዞ ካሜራ ያላቸውን ጎዳናዎች አብዝቷል። ካሜራ በጨረታ ይገዛል፤ ትክክለኛ የባለንብረት መዝገብ ግን በጨረታ አይገኝም።

ሕጉም ቢሆን የተቀረጸው ሾፌሩን እያየ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ከገንዘብ ቅጣት ሌላ የጥፋት ነጥብ በአሽከርካሪው ላይ እንዲመዘገብ አደረገ፤ ነጥቡ ሲከማች መንጃ ፈቃድ ይታገዳል። ካሜራው ያየው መኪና ብቻ ከሆነ ነጥቡ በማን ይመዝገብ? በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱ ተጠያቂ ነው ይላል፤ ነገር ግን ያ ካሳ ነው። ቅጣት ሌላ ነው፤ ያላጠፋን ሰው መንጃ ፈቃድ መቀማት አይቻልም።

እንግሊዞች መፍትሔውን በባለንብረቱ ላይ ጥለውታል። ደብዳቤው የደረሰው ሰው በ28 ቀናት ውስጥ ሾፌሩ ማን እንደነበር ካላስታወቀ ዝምታው ራሱ ሌላ ጥፋት ሆኖ ያስከስሰዋል። በሩዋንዳ ደግሞ የካሜራው ቅጣት በስልክ መልእክት ይላካል። ሁለቱም የሚሠሩት መዝገቡ ላይ ያለው ሰው በእርግጥ የመኪናው ባለቤት ሲሆን ነው።

የካሜራ ቅጣት በሰፋ ቁጥር የውክልና መኪና ዋጋ መውረዱ አይቀርም። እስካሁን የስም ማዛወሪያውን ወጪ ማዳን ለገዢው ትርፍ ነበር፤ ሻጩ ግን የሌላ ሰው ቅጣት የሚመጣበት ከሆነ ወይ ስም ይዛወር ይላል፣ ወይ ለሥጋቱ ዋጋ ይጠይቃል። የታክሲ ባለንብረትም ከሾፌሩ ጋር በቃል የገባውን ስምምነት በጽሑፍ ማድረግ ሊኖርበት ነው፤ የትኛው ቀን መኪናው በማን እጅ እንደነበር የሚያስረዳለት ሌላ ነገር የለውም። በመኪና ሽያጭ ውል ላይ የርክክቡን ቀንና ሰዓት መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ብዙው ሰው ግን ለአደጋ ብሎ ይጽፈዋል እንጂ ለቅጣት አስቦት አያውቅም።