የከፍተኛ ትምህርት መግቢያና የወጪው ዝግጅት በላስታ

በላሊበላ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የላስታ ገጠር ቀበሌዎች ልጁን ለከፍተኛ ትምህርት ለማብቃት የሚያስብ ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው የዩኒቨርሲቲውን ወጪ ነው። ነገር ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለገባ ተማሪ ምግቡ፣ መኝታውና ትምህርቱ የሚሸፈኑበት ሥርዓት አለ። ሽፋን የሌለው ከዚያ በፊት ያለው፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚዘልቀው የአራት ዓመት ጊዜ ነው። መምህራንና የዕቅድ ባለሙያዎች በይበልጥ ሊያተኩሩበት የሚገባውም ይኸው ነው።

እንደሚታወቀው፣ በመንግሥት ተቋማት የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ በነጻ ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ሥርዓት በሥራ ላይ ውሏል። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ይሁን እንጂ በመግቢያው ዕለት የሚጠበቅበት ውል መፈረም ብቻ ሲሆን፣ ክፍያው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ይፈጸማል። በመምህርነት ለሚሠለጥኑት ደግሞ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የመክፈል መንገድ ተከፍቷል። ይህ ለአገራችን እንግዳ አሠራር አይደለም፤ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር። ወላጁ ግን «ውል» የሚለውን ቃል ሲሰማ በሬው የሚሸጥበት ዕዳ ይመስለዋል። ስለዚህ ይህን ጉዳይ በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ልጁ ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለ፣ በግልጽ ማስረዳት የትምህርት ቤቱ ተግባር ሊሆን ይገባዋል።

እውነተኛው ወጪ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በከተማ አንዲት ክፍል ይከራያል። በሳምንቱ መጨረሻ በእግሩ ወደ ቤቱ ተመልሶ ስንቁን፣ እንጀራውን፣ በሶውንና የገብስ ቆሎውን ተሸክሞ ይመጣል። እህሉ ከጎተራ ይወጣ ይሆናል፤ የቤት ኪራዩ፣ ደብተሩና ሳሙናው ግን ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ለሴት ልጅ ደግሞ ብቻዋን በኪራይ ቤት መኖሯ ራሱ ወላጆቿን ከገንዘቡ ባልተናነሰ ያሳስባቸዋል።

በላሊበላ ይህን ክፍተት ለብዙ ዓመታት በከፊል ሲሞሉ የቆዩት የውጭ አገር ጎብኚዎች ናቸው። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ከተማዋን ከሚያዩት መካከል በመንገድ ላይ የተዋወቁትን ልጅ ኪራይና መጽሐፍ የሚችሉ አልጠፉም። ቸርነታቸው የሚመሰገን ነው። ሆኖም ድጋፉ በትውውቅ ላይ የቆመ ስለ ነበር እንግሊዝኛ የሚሞክረውና በአብያተ ክርስቲያናቱ ደጅ የሚውለው ልጅ ሲያገኝ፣ ከትምህርት መልስ ከብት የሚጠብቀው አላገኘም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ፣ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ጎብኚው ቀረ፤ በጎብኚው እጅ ላይ የነበረው ኪራይም አብሮ ቀረ። የቆሎ ተማሪን በቁራሽ የሚያሳድገው ሕዝብ በዚህ ረገድ የተሻለ ዘዴ ነበረው ያሰኛል፤ አኮፋዳውን የሚሞላለት አንድ ሰው ሳይሆን መንደሩ ሁሉ ነውና።

ወደ ፈተናው ስንመለስ፣ ከተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። ማለፊያውን ካጡት መካከል የተወሰኑት በማካካሻ ትምህርት ሁለተኛ ዕድል ያገኛሉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የፈተናው አንድ ክፍል በኮምፒዩተር ስለሚሰጥ፣ መሣሪያውን ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ከጥያቄው በፊት ከመሣሪያው ጋር ይታገላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ያክላል። ይህን ሁሉ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ለመጀመር ማሰብ ከንቱ ድካም ነው፤ የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ምርጫ እንኳ የሚለየው አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ነው።

በመጨረሻም የዘመን አቆጣጠሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፈተናው በክረምት ይሰጣል፤ ውጤቱና ምደባው በአዲሱ ዓመት መባቻ አካባቢ ይደርሳል። ምደባው ወልድያ ወይም ከዚያ እጅግ የራቀ ሊሆን ስለሚችል ለመጓጓዣ፣ ለብርድ ልብስና ለመጠባበቂያ ገንዘብ ያስፈልጋል። ይህ ወቅት ደግሞ የላስታ ጎተራ ባዶ የሚሆንበት፣ አዲሱ አዝመራ ያልደረሰበት ነው። ስለዚህ ከወላጆች ጋር ስለ ገንዘብ መነጋገር የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እህል በሚገባበት ጊዜ ነው። ተሳላሚው ወደ ላሊበላ በሚጎርፍበት በገና ሰሞን የሚሸጥ አንድ በግ በየዓመቱ በልጁ ስም በቁጠባ ሒሳብ ቢቀመጥ፣ በአራት ዓመት ውስጥ የጉዞውን ወጪ ይሸፍናል ተብሎ ይገመታል። ያው በግ በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ገበያ ቢወጣ ግን ሥጋ ፈላጊ ስለሌለ ዋጋውን የሚቆርጠው የወላጁን መቸገር ያወቀው ነጋዴ ነው።