ድምፅ የሌለው ፍሳሽ
ከተከራያችን ጋር ያቀያየመኝ ትንሽ ጎሚኒ

ውሃ ሳትጠቀሙበት እያለቀ አስቸግሯችሁ ያውቃል? እንግዲያው ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት ይህችን ጽሑፍ አንብቡ። እኔ ቀድሜ ጠርጥሬ፣ በኋላ አፍሬያለሁ።

የምንኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ጋር አዲስ አበባን ውሃ ከሚያጠጡት ምንጮች አንዱ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው። ነገር ግን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንደሚባለው፣ በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያውም በሌሊት። ስለዚህ ኑሯችን በ1,000 ሊትር ሮቶ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ለአራት ቀን ይበቃን የነበረው ሮቶ በሁለት ቀን ማለቅ ጀመረ። ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ፋብሪካ የምትሠራ ወጣት እናት አለች። የልጇ ልብስ ከገመዱ ላይ አይጠፋም። አንድ ቀን ጠዋት «እባክሽ ውሃውን ቆጥቢ፣ እኛም ቤተሰብ ነን» አልኳት። ቃሉ ልመና ቢመስልም ድምፄ ግን ክስ ነበር። ምንም አልመለሰችልኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ ቢጫ ጀሪካን ተሸክማ ትገባ ጀመር።

ሮቶው ግን አሁንም በሁለት ቀን አለቀ። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ሽያጭ ሲቀንስ ገበያውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ቤት እንፈትሻለን። ቤቴ ስገባ ይህን ረሳሁት። እውነቱን የነገረችኝ እናቴ ናት። «ልጄ፣ ይሄ የሽንት ቤቱ ሳጥን ሌሊት ሌሊት ይንሾካሾካል» አለችኝ።

በቡና የሚደረግ ፍተሻ

ከጀበናው የተረፈውን ጥቁር ቡና የፍላሹ ሳጥን ውስጥ ጨምሩ። ለግማሽ ሰዓት ማንም ውሃ እንዳይለቅ ንገሩ። ከዚያ መቀመጫውን ተመልከቱ። ውሃው ከጠቆረ በሳጥኑ ሥር ያለው ጎሚኒ ውሃ እያሳለፈ ነው። የእኛ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጠቆረ።

በየደቂቃው አንድ የቡና ሲኒ ውሃ ቢያመልጥ በቀን 100 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የእኛ ከዚያም በእጥፍ ይበልጥ ነበር።

እንዴት ይጠገናል?

1. ወደ ሳጥኑ የሚገባውን ውሃ ከግድግዳው ላይ ዝጉና ፍላሹን ለቅቃችሁ ሳጥኑን ባዶ አድርጉ።
2. ክዳኑን አንሱ። በብዙዎቹ አዳዲስ ሳጥኖች መሀል ላይ ያለው ፕላስቲክ ትንሽ ዞር ሲደረግ ይወጣል። እምቢ ካለ አታስገድዱት፤ ይሰበራል።
3. ከሥሩ ያለውን ክብ ጎሚኒ አውጡ። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ስለሚበዛበት ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ጎሚኒውንም የሚያርፍበትንም ቦታ በሎሚ ወይም በአቼቶ በለሰለሰ ጨርቅ አጽዱ።
4. ጎሚኒው ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ከተጣመመ አሮጌውን ይዛችሁ ወደ ቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሂዱ። መጠኑ ስለሚለያይ በግምት አትግዙ።
5. አዲሱን ገጥማችሁ ውሃውን ክፈቱ፤ የቡናውንም ፍተሻ ድገሙት።

እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች ግን አትድገሙ። በመጀመሪያ ሳላጣራ የሮቶውን ተንሳፋፊ ኳስ ቀየርኩ፤ ገንዘቤ በከንቱ ሄደ። ቀጥሎ ጎሚኒው ላይ ቴፍሎን ጠመጠምኩ፤ ቴፍሎን ግን የሚያገለግለው ለጥርስ እንጂ ለጎሚኒ አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ በረኪና መጨመርም ጎሚኒውን ያደርቀዋል፤ ቫዝሊን መቀባትም ብዙውን ጎሚኒ ያበላሻል።

ይህ የሽንት ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በትልልቅ ሆቴሎች የመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ ቫልቭ ውስጥም እንደ ጋሪ ጎማ ቅርጽ ያለው ጎሚኒ አለ። እሱ ሲያረጅ የገንዳው ውሃ በፍሳሽ መስመሩ በኩል ቀስ እያለ ይሾልካል፤ ሠራተኞቹም ገንዳው የተሰነጠቀ ሊመስላቸው ይችላል። በደላችን አንድ ነው፤ የማይታየውን ትተን የሚታየውን እንከሳለን።

ጎሚኒው በተቀየረ ሳምንት ሮቶው አራት ቀን ቆየ። ለካስ ተከራያችን በውሃው ላይ ያን ያህል የጨመረችው ነገር አልነበረም። እሁድ ቡና ሲፈላ ጠርተናት፣ እናቴ ፊት «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ሲኒዋን አስቀምጣ «ኧረ ወንድሜ፣ ምንም አይደል» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን «የከበደኝ ጀሪካኑ አልነበረም» ስትል ጨመረች።

ጎሚኒውን ለመቀየር የፈጀብኝ ግማሽ ሰዓት ነው። ያንን ቃል ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ከቡናችሁ ጥቂት አስተርፉ።