ልጆቻችንን ከበገና ጋራ ስለ ማስተዋወቅ

አባት ለልጁ ርስትና ገንዘብ ለማውረስ እንደሚደክም የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ጆሮም እንደሚወረስ ብዙዎቻችን አናስበውም። ልጅ በወላጆቹ ቤት ያልሰማውን ዜማ ካደገ በኋላ መውደድ ይቸግረዋልና፤ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለ በገናና ስለ ወጣቶች ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን።

በገና ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ፤ ገበቴው ከእንጨት ተጠርቦ ቆዳ የለበሰ፤ ከበግ አንጀት የተፈተሉ 10 አውታሮች ያሉት መሣሪያ ነው። አበው ዐሥሩን አውታር በዐሠርቱ ቃላት ይመስሉታል። ይሁን እንጂ ሁሉም አይመቱም፤ ዜማውን የሚያሰሙት አምስት ወይም ስድስት ሲሆኑ የቀሩት ለጣቶች ማረፊያ ይሆናሉ። ድምፁም እንደ ንብ የሚያነበንበው በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባና አውታሩ ሲንቀጠቀጥ እርሱን ስለሚነካ ነው። ደርዳሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ዓለም ከንቱነትና ስለ ሞት ይናገርበታል፤ ይልቁንም በዐቢይ ጾም ይሰማል እንጂ አይጨፈርበትም።

በቀድሞ ዘመን በገና መደርደር የመኳንንትና የጨዋ ልጆች ሙያ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም በዚህ ሙያ የታወቁ ነበሩ። ኋላም በገና ወደ ትምህርት ቤት ገባ። ስመ ጥሩው የበገና ሊቅ ዓለሙ አጋ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. በእንጦጦ ተወልደው፤ የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የሚባሉ መምህር በጎረቤት ቢቀመጡ ከእርሳቸው ተማሩ። አድገውም በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሌሎችን አስተማሩ። ነገር ግን በደርግ ዘመን መንፈሳዊ ነገር ሁሉ በክፉ ዓይን ይታይ ስለ ነበር፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ይህ ትምህርት ተቋረጠ። ደርግ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ግን በገና እንደ ገና አንሰራርቶ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ወንዶችም ሴቶችም ወጣቶች ሲማሩት ይታያል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እናስተውላለን። ያን የ12 ዓመት ልጅ ወደ በገና ያቀረበው የሚደረድር ሰው በጎረቤት መገኘቱ ነው። እኛ ይህን ሳናስተውል የሠራነውን ስሕተት ብንናገር ለሌላው ትምህርት ይሆን ይሆናል።

ከአባታችን የወረስነው በገና ለብዙ ዘመን በግድግዳችን ላይ እንደ ጌጥ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ልጃችን 14 ዓመት ሲሞላው አወረድነውና በየማታው ግማሽ ሰዓት እንዲማር አዘዝነው። እርሱም የስልኩን ማዳመጫ ከጆሮው እያወጣ፤ ዕዳ እንደ ተፈረደበት ሰው አውታሮቹን ይነካካ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን «አባባ፤ ይህ እኮ የተበላሸ ራዲዮ ይመስላል» ቢለን ተቈጣነው፤ የሚሰማውንም ዘፈን ሁሉ ነቀፍንበት። ከዚያ ወዲያ በገናው ወደ ግድግዳው ተመለሰ፤ ልጃችንም እኛ ባለንበት ክፍል መቀመጥ ተወ። ያን ጊዜ ልናጣ የቀረብነው ዜማውን ብቻ እንዳልነበረ ገባን።

ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ ማዘዙን ትተን፤ ከአባታችን የተማርናቸውን ሁለት ዜማዎች ከራት በኋላ ራሳችን መደርደር ጀመርን። ጣታችን ስለ ደነዘዘ ብዙ ጊዜ እንሳሳት ነበር። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ከደጅ ሆኖ ሰማ፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ቀርቦ «አባባ፤ የሚያነበንበው ምኑ ነው?» ሲል ጠየቀን። እንዚራውን ከአንዱ አውታር ሥር ስበን አወጣንና «እስቲ አሁን ምታው» አልነው። ድምፁ ደረቀ። መልሶ ራሱ ካስገባው በኋላ ቢመታው ድምፁ ተመለሰና ሳቀ። ዛሬ የሚያውቀው አንድ ዜማ ብቻ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫውንም አልጣለም። ነገር ግን በገናውን የሚቃኘው እርሱ ነው፤ ስንሳሳትም ያርመናል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ እንዲማር ከማዘዛችሁ በፊት እንዲሰማ አድርጉ። መሣሪያውን ይንካ፤ ይፍታ፤ ይጠይቅ። የጣቶቹን ተራ በጥቂት በጥቂቱ ይልመድ እንጂ በአንድ ቀን ሊቅ እንዲሆን አትሹ። የሚወደውን ዘፈን አትንቀፉበት፤ የተነቀፈ ልጅ የእናንተንም ዜማ ይንቃልና። እናንተ መደርደር የማታውቁ እንደ ሆነ ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ወስዳችሁ አብራችሁት ተቀመጡ። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው በገና አቧራው ተራግፎ ቢወርድ፤ ከአባቶቻችን የተቀበልነውን ለልጆቻችን ያደረስን እንሆናለን።