ሆስፒታሉ ለተሸካሚዎቹ ምን ይመልሳል?

በአማራ ክልል በአዊ ዞን መኪና የማይደርስባቸው ቀበሌዎች ዛሬም ብዙ ናቸው። እዚያ ሰው ሕመም ሲጠናበት መጀመሪያ የሚነሳው ቃሬዛ ነው። በሁለት አጣና መሐል ጠፍር ይወጠራል፣ ጋቢ ይነጠፋል፣ አራት ጎልማሶች ብድግ ያደርጉታል፤ ሌሎቹ ትከሻ ለመቀየር ከኋላ ይከተላሉ። ቁልቁለት ላይ በሽተኛው እንዳይንሸራተት የፊተኞቹ አጣናውን ከፍ፣ የኋለኞቹ ዝቅ ያደርጉታል። አስፋልት ሲደርሱ መኪና ይለመናል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው በዚያ መንገድ ላይ እንጅባራም ዳንግላም የሕዝብ ሆስፒታል አላቸው።

ተሸካሚዎቹ ለሆስፒታሉ የሚሰጡት ጉልበት ብቻ አይደለም። ግብር ይከፍላሉ፤ የጤና መድን መዋጮ ያዋጣሉ፤ ካርድ ሲያወጡም ይከፍላሉ። የሕዝብ ሆስፒታል ደግሞ ትርፍ የሚካፈል ባለአክሲዮን የለውም። ታዲያ የተቀበለውን ለሕዝቡ የሚመልሰው በምን መንገድ ነው?

ብሩ የት ይገባል?

ቀደም ባለው ጊዜ ሆስፒታል ከታካሚ የሰበሰበው ብር ለመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ ይደረግ ነበር። ጓንት ቢያልቅ፣ አልጋ ቢሰበር፣ በጀት መጠበቅ ግድ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ለውጥ አመጣ። አማራን ጨምሮ ክልሎች በ1990ዎቹ መጨረሻ ሕግ አውጥተው፣ የጤና ተቋማት የውስጥ ገቢያቸውን ይዘው ለመድኃኒት፣ ለመሣሪያና ለጥገና እንዲያውሉት ፈቀዱ። የሚቆጣጠር ቦርድም ተቋቋመ፤ የኅብረተሰብ ተወካይ እንዲቀመጥበት ተደረገ። የመጀመሪያው ተመላሽ ይኸው ነው፤ ከታካሚ የተሰበሰበው ብር እዚያው ለታካሚ ይውላል።

ነጻ አገልግሎትም ሥርዓት ተበጀለት። ክትባት፣ የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምናን የመሳሰሉት ለማንም በነጻ ይሰጣሉ። መክፈል ለማይችል ድሃ ደግሞ ቀበሌው ይለየዋል፣ ሂሳቡን ወረዳው ይሸፍናል። ብዙ ሰው ይህን የሆስፒታሉ ቸርነት አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን ለድሃው የሚከፍለው ያው ሕዝቡ ነው፤ የተለወጠው ብሩ የሚወጣበት ኪስ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል የተመረጡት ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ደቡብ አቸፈር የአዊ ጎረቤት ናት። ገበሬው ጤነኛ እያለ ያዋጣል፣ ሲታመም መድኑ ለሆስፒታሉ ይከፍልለታል። ይህ ለእድርተኛ ሕዝብ እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

ቅሬታው የሚነሳው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው። የመድን ደብተሩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ የመጣ አባወራ በብዙ ቦታ «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። ማዘዣውን ይዞ ወደ ግል ፋርማሲ ሲሻገር አስቀድሞ የከፈለውን ዳግም ይከፍላል። አቅርቦት የሚጓደልበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተባባሰው ግጭትም መንገዱን ይበልጥ አክብዶታል። አባወራው ግን የሚቆጥረው ተስፋ የተገባለትንና እጁ የገባውን ነው። ደብተሩን በሚቀጥለው ዓመት ማሳደስ አለማሳደሱን የሚወስነውም እዚያ መስኮት ላይ የሰማው መልስ ነው።

ከግቢው የወጣ ሕክምና

ትልቁ ተመላሽ ግን ያለው ከግቢው ውጭ ይመስለኛል። ለዚህ ሁለት ምሳሌዎች አሉን።

አንደኛው የሐምሊን ፊስቱላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ኢትዮጵያ የገቡት ሐኪሞች ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ፤ በ2005 የባሕር ዳሩ ማዕከል ተጨመረ። ሕክምናው በነጻ ነው። ይሁንና አንዷን ሴት ሲያድኑ በተራዘመ ምጥ በፊስቱላ የምትጎዳ ሌላ ሴት ትመጣለች። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከገጠር የተመለመሉ ልጃገረዶች ሠልጥነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይመለሳሉ። ሆስፒታሉ ሥራውን የራሱ በሽተኞች እስከሚቀንሱበት ድረስ ወሰደው።

ሁለተኛው እዚሁ አዊ ውስጥ ነው። ቀይ አፈር ባለበት ደጋ ዕድሜውን በባዶ እግሩ ያረሰ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ብዙዎች እርግማን ነው ብለው ስለሚያምኑ በሽተኛው ከሰርግም ከለቅሶም ይርቃል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ጥሊሊን ዋና ከተማዋ ባደረገችው የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ፕሮጀክት ሕክምናውን ከመደበኛው የመንግሥት ጤና አገልግሎት ጋር አዋሕዶ ሞከረው። ዋናው ሕክምና ውድ አይደለም፤ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሰር፣ ጫማ ማድረግ። እግሩ ሲሽርለት ሰውየው ወደ ገበያና ወደ ማኅበር ይመለሳል። ይህ ተመላሽ በውስጥ ገቢ መዝገብ ላይ አይታይም፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን እሱ ነው።

ምን እንጠይቅ?

በአሜሪካ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ከፌዴራል የገቢ ግብር ነጻ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለዚህ ዋናው መለኪያ ለአካባቢያቸው የሚሰጡት ጥቅም ሆነ፤ የ2010ሩ የጤና ሕግም በየሦስት ዓመቱ የአካባቢውን የጤና ችግር አጥንተው ይፋ እንዲያወጡ ያስገድዳቸዋል። የእኛ ሆስፒታሎች ሥርዓት ከዚያ ይለያል፤ ልማዱን ግን መውሰድ ይቻላል። የውስጥ ገቢው ስንት ነበር? ምን ተገዛበት? የትኛው መድኃኒት ለስንት ወር ጠፋ? ባለሙያ ከግቢው ወጥቶ የትኛውን ቀበሌ ደረሰ?

መልሱ ለቦርድ በሚቀርብ ጥራዝ ውስጥ ብቻ መቅረት የለበትም። በአማርኛም በአካባቢው ቋንቋ በአውንጊም ተጽፎ በካርድ ክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ፤ በቀበሌ ስብሰባም ይነበብ። ቃሬዛውን አውርደው ግድግዳ ጥግ የሚያርፉት ሰዎች ያን ወረቀት እያነበቡ «ይህማ የእኛ ብር ነው» ማለት ሲችሉ፣ ሆስፒታሉ በእርግጥም የእነሱ ይሆናል።