መጀመሪያ ማቆም ተማሩ፤ መስፋቱ ይደርሳል

የግራ እጄን ጠቋሚ ጣት ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ጥፍሬ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደች ቀጭን መስመር ያገኛል። "ምን ሆነሽ ነው?" ይሉኛል። ስፌት መኪና ነው። ያገኘኝ ደግሞ ስሰፋ አይደለም፤ መብራት ጠፍቶ ቁጭ ባልኩበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ካቆምኩ በኋላ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ለማጅ ሆኜ ገባሁ። ወሩ ነሐሴ ነበር። ነሐሴ ላይ ልብስ ሰፊ ቤት ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የተማሪ ዩኒፎርም እንደ ክምር ተቆልሎ፣ እናቶች በር ላይ ቆመው "የልጄስ ደረሰ?" እያሉ። በሦስተኛው ሳምንቴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ሄደ። እኔም "እስከዚያው" ብዬ ከመርፌው የወጣውን ክር ልመልስ ጎንበስ አልኩ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ነው። ማጥፊያውን አልነካሁትም፤ መብራት የለማ! ጣቴ መርፌው ሥር እንዳለ መብራቱ መጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከመወጋቱ የባሰ ነበር። ጋሼ ደንግጠው ሮጠው መጡና እጄን ሳቡት። መርፌው ተሰበረ። ግማሹ ማሽኑ ላይ ቀረ፣ ሌላው ግማሽ የት እንደገባ የጠየቀ የለም። ጣቴ በአረቄ ታጠበ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ታሰረ። "አይዞሽ ልጄ፣ ደሙ ሳይፈስ ልብስ ሰፊ የሆነ የለም" አሉኝ። በክፋት አይደለም፤ እሳቸውም የተማሩት እንደዚያው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጣቴ አብጦ ራጅ ስነሳ የመርፌዋ ጫፍ አጥንቴ አጠገብ ተኝታ ታየች።

ይህን ዛሬ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሊሊ ላይ፣ ከኢንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በረንዳ ላይ የሚሰፋ ሰው ያላየ የለም። ከእኛ ዕድሜ ብዙ ልጅ ወደዚህ ሙያ እየገባ ነው። አንዱ ቴክኒክና ሙያ ይማራል፣ አንዱ ተደራጅቶ ሼድ ይጠብቃል፣ አንዷ ባህር ዳር፣ ደብረ ብርሃን ወይም ሐዋሳ ሄዳ ፋብሪካ ትቀጠራለች። ሁሉም "ቀጥ አድርገሽ ስፊ" ይባላሉ። "እንዴት ነው የሚቆመው?" ብሎ የሚጀምር አስተማሪ ግን እኔ አላጋጠመኝም።

በእግር ከሚረገጠው እንነሳ። አይዛክ ሲንገር የስፌት መኪናውን ፈቃድ አሜሪካ ውስጥ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ ስሙ እኛ ጋ "ሲንጀር" ሆኖ የዕቃው መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። የእናቶቻችን ሲንጀር ጉልበቱ ከእግራችሁ ነው። እግራችሁ ካቆመ እሱም ያቆማል፣ ከደነገጣችሁ እሱም አብሮ ይደነግጣል። ስለዚህ ብዙ ሰው ቤት ውስጥ በሲንጀር ተለማምዶ "እኔ እችላለሁ" ብሎ ሞተር ያለው ማሽን ላይ ይቀመጣል።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። የፋብሪካ ቀጥታ ስፌት ማሽን፣ ለምሳሌ በብዙ ቦታ የሚታወቀው ጁኪ ዲዲኤል 8700፣ እስከ መጨረሻው ቢለቀቅ በደቂቃ 5,500 ጊዜ ይወጋል። በሰከንድ ወደ 90 ማለት ነው። የሰው ልጅ አንድ ነገር አይቶ እጁን እስኪያነሳ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሩብ ሰከንድ ውስጥ መርፌው ከ20 ጊዜ በላይ ወርዶ ወጥቷል። "ፈጣን ነኝ፣ አነሳዋለሁ" የሚባል ነገር የለም። አትደርሱበትም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ከታች የተንጠለጠለው ሞተር ሁለት ዓይነት ነው። አዲሱ ሰርቮ ይባላል፤ ፔዳሉን ስትረግጡ ብቻ ይዞራል፣ ድምፁም አይሰማም። የድሮው ደግሞ ፍሪሲዮን ያለው ነው። ልክ እንደ መኪና ፍሪሲዮን! ማብሪያውን ስትነኩት ሞተሩ "እዝዝዝ" እያለ መዞር ይጀምራል፣ እናንተ ባትሰፉም እየዞረ ይቆያል፤ ፔዳሉ የሚሠራው የሚዞረውን ሞተር ከማሽኑ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ይሄ ማለት ማጥፊያውን ከተጫናችሁ በኋላም ከባዱ ጎማ በራሱ ጉልበት ለጥቂት ጊዜ ይዞራል። በዚያ መሀል "ጠፍቷል" ብላችሁ ፔዳሉን ብትነኩ መርፌው ይወርዳል። አጥፍቶ የተወጋ ሰው ካያችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

እና ማቆም ማለት ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይደለም። አጥፉ፣ እግራችሁን ከፔዳሉ ላይ አንሱና መሬት ላይ አድርጉ፣ የሞተሩ ድምፅ ጸጥ እስኪል ጠብቁ፣ ከዚያ ፔዳሉን አንዴ ረግጣችሁ ቀሪውን ጉልበት አስወጡት፤ እጃችሁ ግን ከመርፌው ይራቅ። ይህን ሳታደርጉ ክር አታስገቡ፣ መርፌ አትቀይሩ፣ ቦቢን አታውጡ፣ ጨርቅ የሚጫነውን እግር አትፍቱ። አስር ሰከንድ አይፈጅም። "ሥራ ያጓትታል" የሚል አለቃ ካለ የእኔን ጣት አሳዩት።

መብራት የሄደ ዕለትስ? እኛ አገር ይሄ የየሳምንቱ ጉዳይ ስለሆነ እንደ አንድ ሥራ ቁጠሩት። መብራት እንደሄደ መጀመሪያ ማጥፊያው፣ ቀጥሎ ሶኬቱ። ወሬም ሆነ ቡና ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ጣት መከላከያም ላንሳ። መርፌው ፊት ለፊት የምትቆም የሽቦ ቀለበት አለች። አዲስ ማሽን ስትገዙ አብራ ትመጣለች፤ ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተፈትታ መሳቢያ ውስጥ ትገባለች። ለምን? ክር ለማስገባት ታስቸግራለች። እውነት ነው ታስቸግራለች። ግን ሥራዋ እሱ ነው፣ ጣትን ማስቸገር። መሳቢያችሁን እዩት፣ ምናልባት እዚያው ናት። ኦቨርሎክና ቁልፍ መትከያ ላይ ደግሞ ፊት ለፊት የምትቆም ግልጽ ፕላስቲክ አለች፤ እሷ ለዓይን ናት። መርፌ ሲሰበር ቁራጩ የት እንደሚፈናጠር አይታወቅም።

የአዊ ብርድ ደግሞ የራሱን ጣጣ ያመጣል። ጠዋት ጋቢ ደርቦ ወይም ነጠላ ጣል አድርጎ ማሽን ላይ የሚቀመጥ ብዙ ነው። ሞተሩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ ሽፋን አለው፣ አብዛኛው ቤት ግን ተነስቷል። የጋቢ ጥለት ወይም የነጠላ ዘርፍ ቺንጋው ከነካው ይጠቀልለዋል፤ አንገት ላይ የተጠመጠመ ከሆነ ደግሞ አስቡት። ብርድ ከሆነ ጠበብ ያለ ሹራብ ይሻላል፣ እጅጌው አንጓ ላይ የሚይዝ። ሴቶች፣ ሹሩባችሁን ወደ ኋላ እሰሩት፣ የሻሹን ጫፍ ወደ ውስጥ መልሱት። ቀለበትና አምባር ይውለቅ።

የኤሌክትሪኩን ነገር አጭር ላድርገው። የማሽኑ እግር ብረት ነው፣ ክረምት ላይ በረንዳው እርጥብ ነው፣ ኤክስቴንሽኑ ደግሞ በፕላስተር የተጠጋገነ። ማሽኑን ስትነኩት "ነዘር" ካደረጋችሁ ሳቅ አይደለም፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ጥሩ። የከሰል ካውያ የምትጠቀሙም በር ዘግታችሁ አትተኩሱ። የከሰል ጭስ ሽታ ባይኖረውም ይገድላል። የካውያው ፍንጣሪ ደግሞ መሬት ላይ ያለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ካገኘ ቤቱን ለመጨረስ ጊዜ አይወስድበትም።

እሺ፣ ከተወጋችሁስ? መጀመሪያ፣ እጃችሁን አትሳቡ። ሌላ ሰውም እንዳይስባችሁ ጩኹ። መርፌው ጣት ውስጥ እያለ መሳብ መርፌውን ይሰብራል፣ ሥጋውንም ይቀዳል። እግር ከፔዳል ይነሳ፣ ማሽኑ ይጥፋ፣ ሞተሩ ጸጥ ይበል። ከዚያ በቀኝ በኩል ያለውን በእጅ የሚዞር ጎማ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፣ መርፌው በገባበት መንገድ ቀጥ ብሎ ይወጣል። መርፌው ከማሽኑ ተላቆ ጣት ውስጥ ከቀረ ግን በጉጠት አትታገሉ፤ እንዳለ ወደ ጤና ጣቢያ። ከወጣ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፣ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑት። አረቄ አይደለም፣ ቡና ዱቄትም አይደለም።

ቀጥሎ የመርፌውን ቁርጥራጮች ሰብስባችሁ ግጠሙ። አንድ ሙሉ መርፌ ካልሆነ የጎደለው ጣታችሁ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ራጅ ያስፈልጋል። ለሐኪሙም የተገኘውን ይዛችሁ ሂዱ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዳችሁ ስንት ጊዜ እንደሆነ ንገሩት፤ ካልወሰዳችሁ ጠይቁ። ደም የነካውንም መርፌ ለሌላ ሰው አትተዉለት።

በነገራችን ላይ፣ ለውጭ ገበያ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ይህን የመርፌ መግጠም ሥራ በመዝገብ ያደርጉታል። የተሰበረውን ቁርጥራጭ ሁሉ ሳታስረክቡ አዲስ መርፌ አይሰጣችሁም። ልብሱም በብረት መፈተሻ ያልፋል። የሚፈለገው ግን በዋናነት ልብሱን የሚገዛው ሰው እንዳይወጋ ነው። የሰፊዋ ጣት በዚያው ይጠቀማል እንጂ ለእሷ ተብሎ የመጣ አይመስለኝም።

ፋብሪካ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም እንደተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለ ቦታ በአንድ አዳራሽ መቶዎች አብረው ይሰፋሉ። በመጀመሪያው ቀን የመውጫ በሮቹን ቁጠሩ፣ ከመቀመጫችሁ ቅርቡ የትኛው እንደሆነ እዩ፣ ክፍት መሆኑንም ጭምር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1911 ኒውዮርክ ውስጥ ትራያንግል የሚባል ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሲቃጠል 146 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ፣ አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። ድሮ ነው እንዳትሉ፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተደረመሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ሠራተኞቹ ሕንፃው መሰንጠቁን ባዩ ማግስት ግቡ ተብለው ገብተው ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያስተምር፣ የአደጋ መከላከያም በራሱ ወጪ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው "ጥፋቱ የእኔ አይደለም" ብሎ አያመልጥም፤ ሕክምናውን ይሸፍናል፣ ጉዳቱ ከሥራ ካስቀረችሁም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ ይከፍላል። ግን ተጠንቀቁ፦ በግልጽ የተሰጠ የደህንነት መመሪያ ጥሳችሁ ከተጎዳችሁ ይህ መብት ሊቀር ይችላል። መከላከያዋን ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ የከተተ ሰው ይህን ይወቅ።

"እኛ እኮ ውል የለንም" የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም አልነበረኝም፤ ለሕክምናዬ የከፈለችው እናቴ ናት፣ እኔም መጠየቅ እንደምችል አላውቅም ነበር። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ መግለጫ ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ባይሰጣችሁም መብታችሁ አይቀርም። ዕድሜው 15 ያልሞላውን ልጅ ደግሞ ጭራሽ መቅጠር አይቻልም። "ቤት ከሚውል ይልመድ" ተብሎ ማሽን ሥር የሚቀመጥ የ12 ዓመት ልጅ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል።

ማሽኑ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛም በአውንጊም አይገኝም። ስለዚህ የሚያውቀው ለማያውቀው በአፉ መንገር አለበት፣ እኔ በኋላ ከአንዲት እህት እንደተማርኩት።

እሷ መጀመሪያ ክር አላስያዘችኝም። መርፌውን ባዶ አድርጋ ከደብተር አንድ ገጽ ቀደደችና ማሽኑ ሥር አስቀመጠችው። "በመስመሩ ላይ ሂጂ፣ እኔ ቁሚ ስልሽ ቁሚ" አለችኝ። መርፌው ወረቀቱን ስለሚበሳው የት እንደሳታችሁ ቀዳዳው ይነግራችኋል። መጀመሪያ ቀጥ ባለው መስመር፣ ቀጥሎ ማዕዘን፣ መጨረሻ ላይ በኩባያ የተሣለ ክብ። "ቁሚ" ስትለኝ መጀመሪያ ላይ ሦስት አራት ቀዳዳ አልፌ እቆም ነበር። ቀኑን ሙሉ "ቁሚ፣ ሂጂ፣ ቁሚ" ስንባባል ዋልን። በአራተኛው ቀን መስመሩ ያለቀበት ቀዳዳ ላይ ቆምኩ፣ እግሬንም ሳልታዘዝ አንስቼ መሬት ላይ አደረግኩት። ክሩን ያመጣችልኝ ያኔ ነው።