ጊታርና ሜትሮኖም፦ የጊዜ አጠባበቅ በልምምድ ይገኛልን?



ሙያዬ የትምህርት ሥነ ልቦና ነው፤ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ስለ ጊታር ለመናገር የደፈርኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የሰው ልጅ ምትን የሚጠብቅበት መንገድ በሙያዬ ዘርፍ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠና የቆየ ጉዳይ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው ግላዊ ነው። በተማሪነቴ ዘመን በአንድ ባንድ ውስጥ ጊታር እጫወት ነበር። አንድ ቀን ልምምዳችን በካሴት ተቀዳ። ካሴቱን ስሰማ ጊታሩ ድራሙን እየቀደመ ይሮጣል፤ ኮርድ በሚቀየርበት ቦታ ደግሞ ይንገዳገዳል። ያ ጊታር የእኔ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ልጅ በቦታዬ ተተካ። ክፉ ቃል የተናገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን «ምት በደሜ የለም» ብዬ ደመደምኩና ጊታሩን ከሃያ ዓመት በላይ ሰቀልኩት። ዛሬ የማስረዳው ያ ድምዳሜ ለምን ስሕተት እንደነበረ ነው።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ሜትሮኖም በደቂቃ ውስጥ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው እኩል ምቶችን የሚያሰማ መሣሪያ ነው። የአሠራሩን መሠረት እ.ኤ.አ. በ1814 በአምስተርዳም ዲትሪሽ ቪንክል አገኘው፤ በ1815 ግን የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው ዮሐን ሜልዘል ነው። ቤትሆቨን በ1817 ለስምንቱ ሲምፎኒዎቹ የፍጥነት ቁጥር በሜትሮኖም ወስኖ አሳተመ። ከዚያ በፊት አቀናባሪው «ፈጠን ብሎ» ወይም «ረጋ ብሎ» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ የመፍጠኑ መጠን ለአንባቢው የተተወ ነበር። ዛሬ ይህ መሣሪያ በየተንቀሳቃሽ ስልካችን ላይ በነጻ ይገኛል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በደቂቃ ውስጥ 60,000 ሚሊ ሰከንድ አለ። ሜትሮኖሙ 60 ላይ ሲሆን በሁለት ምቶች መካከል 1,000 ሚሊ ሰከንድ ይኖራል፤ 80 ላይ ሲሆን 750፣ 120 ላይ ሲሆን 500 ይሆናል። በ80 ፍጥነት እያንዳንዱን ምት ለአራት ከፍለን ብንጫወት በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ከ190 ሚሊ ሰከንድ ያንሳል። በዚህ ጠባብ ስፍራ ጥቂት አሥር ሚሊ ሰከንዶች መሳት በጆሮ ይለያል።

አሁን አንድ ነገር አብረን እንሞክር። ሜትሮኖሙን 80 ላይ አድርጌዋለሁ። አብራችሁት አጨብጭቡ። ድምፁን ስዘጋው ግን አታቁሙ፤ በዚያው ፍጥነት ቀጥሉ። (ተሰብሳቢው ያጨበጭባል፤ ተናጋሪው ድምፁን ይዘጋል፤ ከአሥራ ስድስት ምት በኋላ መልሶ ይከፍታል። ሳቅ።) እንደሰማችሁት ቀድማችሁታል። ድምፁ ሳለ ሁላችሁም ልክ ነበራችሁ፤ ድምፁ ሲጠፋ ሮጣችሁ።

ይህን ዓይነት ሙከራ ስቲቨንስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው ጥናት ተጠቅሞበታል። የሚያሳየንም በአንድ ስም የምንጠራቸው ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች መኖራቸውን ነው። አንዱ ማረም ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን ምት እየሰማን የሳትነውን በሚቀጥለው ምት እናስተካክላለን። ሌላው መያዝ ነው፤ ውጫዊው ምት በሌለበት ርዝመቱን በውስጣችን እንጠብቃለን። ዊንግና ክሪስቶፈርሰን በ1973 ደግሞ ስሕተታችን ከሁለት ምንጮች እንደሚመጣ የሚገልጽ ሞዴል አቀረቡ፤ አንደኛው ጊዜን ከሚለካው የውስጥ ሰዓት ሲሆን ሁለተኛው ትእዛዙን ከሚፈጽመው እጅ ነው። ለጊታር ተማሪ ይህ ልዩነት ከፍተኛ ጥቅም አለው። ውስጡ ልክ ሆኖ እጁ የሚዘገይ ሰው አለ፤ እጁ ፈጣን ሆኖ ውስጡ የሚሮጥም አለ። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

በጊታር ላይ የእጅ ችግር በይበልጥ የሚታየው ኮርድ ሲቀየር ነው። ከሲ ወደ ኤፍ የሚሻገር ጀማሪ ቀጣዩን ምት ሰምቶ ጣቶቹን ካነሣ ዘግይቷል፤ ጣቶቹ ምቱ ከመድረሱ በፊት ክሩ ላይ ማረፍ አለባቸው። ስለዚህ ሙሉውን ዘፈን መደጋገም ትቶ ያችን አንዲት ሽግግር ነጥሎ በ50 ወይም በ60 ፍጥነት መለማመድ ይገባዋል። ሦስት ጊዜ ያለ እንከን ሲያልፋት አራት ቁጥር ይጨምር፤ ከተሰናከለ ይመለስ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በስሕተት የተደጋገመ ነገር ስሕተቱን ራሱን ያስተምራል።

የውስጥ ሰዓትን ለማሠልጠን ግን መንገዱ ሌላ ነው። ብዙ ተማሪዎች ለዓመታት ከሜትሮኖም ጋር ተለማምደው ባንድ ውስጥ ሲገቡ ጊዜ የማይጠብቁት ለምንድን ነው? በእያንዳንዱ ምት ላይ መሣሪያው ስላረማቸው ነው። ማረምን ተምረዋል፤ መያዝን አልተማሩም። ሜትሮኖም ምርኩዝ ሆኖ እንዳይቀር ቀስ በቀስ መራቅ አለበት። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ጊታሩን ሳልነካ አንድ ደቂቃ እሰማለሁ፤ በአፌ እቆጥራለሁ፤ በእግሬ እመታለሁ። ቀጥሎ ክሮቹን በግራ እጄ አፍኜ በእያንዳንዱ ምት አንድ ጊዜ እመታለሁ። ልክ ስሆን የሜትሮኖሙ ድምፅ በእኔ ድምፅ ተሸፍኖ የጠፋ ይመስላል፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ሦስተኛ፣ ያንኑ ምት ለሁለት፣ ለሦስትና ለአራት እከፍለዋለሁ። አራተኛ፣ የሙዚቃው ፍጥነት 80 ሆኖ ሳለ ሜትሮኖሙን 40 ላይ አውርጄ ድምፁን ሁለተኛና አራተኛ ምት አድርጌ እሰማዋለሁ። በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለውን 1,500 ሚሊ ሰከንድ መሙላት የእኔ ኃላፊነት ይሆናል። በመጨረሻ አራት ባር በድምፅ፣ አራት ባር በዝምታ እጫወታለሁ። ድምፁ ሲመለስ የት እንደደረስኩ ይነግረኛል። ውጤቱን በስልኬ እቀዳለሁ፤ እየተጫወትን የምንሰማው ጆሮ ለራሳችን ያደላልና።

ወደ አገራችን ሙዚቃ ስንመጣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ችክችካ አብዛኛውን ጊዜ በ6/8 ይጻፋል። በአንድ ባር ውስጥ ያሉት ስድስት ትንንሽ ምቶች ሦስት ሦስት ሆነው ለሁለት፣ ሁለት ሁለት ሆነው ደግሞ ለሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። ትንሹ ምት 250 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ባሩ 1,500 ይሆናል፤ ለሁለት ስንከፍለው ሜትሮኖሙ 80 ላይ፣ ለሦስት ስንከፍለው 120 ላይ ይቆማል። ባሩ ግን አንድ ነው። ተማሪው ያንኑ ዜማ አንድ ጊዜ በ80፣ አንድ ጊዜ በ120 ቢለማመድ ሁለቱንም ምት በአንድ አካል ውስጥ መሸከም ይለምዳል።

«ሜትሮኖም ሙዚቃን ያደርቃል» የሚል ተቃውሞ ዘወትር ይቀርባል። ከፊል እውነት አለው። በመሰንቆ የሚጀመር የትዝታ መግቢያ ብዙ ጊዜ በተለካ ምት አይታሰርም፤ ያንን ከሜትሮኖም ጋር ማሰር አላዋቂነት ነው። ነገር ግን ጊዜን አውቆ ማስረዘምና ጊዜ ሳይታወቅ ማምለጡ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው የተጫዋቹ ምርጫ ነው፤ ሁለተኛው በተጫዋቹ ላይ የሚደርስ ነው።

ሌላም የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ አባቶቻችን ያለ ሜትሮኖም ጊዜ ጠብቀው የለምን? ጠብቀዋል። የአቋቋም ሊቃውንት በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ማኅሌቱን በአንድነት ሲያስኬዱ አይተናል። ነገር ግን ያ ችሎታ ሲወለዱ አብሮ የመጣ አልነበረም፤ ተማሪው ለዓመታት በመምህሩና በጓደኞቹ መካከል ቆሞ፣ በመላ አካሉ የተማረው ነው። አንዱ ሲስት ሌላው ይመልሰዋል። ዛሬ ጊታር የሚማረው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን በክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚመልሰው የለውም። ሜትሮኖም ለእርሱ የዚያ ጉባኤ ደካማ ምትክ ነው። ደካማነቱን ሳንዘነጋ እንጠቀምበት፤ ዕድሉ ሲገኝም ወደ ሰዎች መካከል እንመለስ።

በአንድ ነገር ላብቃ። ጊታሩን ካወረድኩት አሁን ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ እለማመዳለሁ። ከአራት ባር ዝምታ በኋላ ድምፁን በትክክል ያገኘሁበትን ምሽት አልረሳውም፤ ዕድሜዬ ሃምሳን አልፎ ነበር። የተሰማኝ ግን ደስታ ብቻ አልነበረም። በመምህርነት ዘመኔ ስታቲስቲክስ ያስቸገረውን አንድ ተማሪ «ይህ ለአንተ አልተፈጠረም» ብዬው ነበር፤ ትምህርቱን ቀየረ። ለራሴ የፈረድኩትን ፍርድ በእርሱም ላይ ፈርጄ ነበር ማለት ነው። እርሱን የከለከለው ተሰጥኦ ይሁን የልምምዱ መንገድ፣ እኔ አልመረመርኩም። እናንተ መምህራን የምትሆኑ ተማሪዎች፣ «አይሆንለትም» ከማለታችሁ በፊት ስሕተቱ ከየትኛው ምንጭ እንደመጣ መርምሩ፤ ፍጥነቱንም ቀንሳችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩት።

 (ጭብጨባ)