«ስፒሎስ»፦ እድፍ ሲባል ምን ማለት ነው?

በነጭ ልብስ ላይ አንዲት የወጥ ጠብታ ብታርፍ ዐይን የሚሄደው ወደ ነጩ ሳይሆን ወደ ጠብታዋ ነው። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛ እንዲህ ያለው እድፍ «ስፒሎስ» ይባላል። ቃሉ በቋንቋ አዋቂዎች ዘንድ የተከበረ አልነበረም። በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው ፍሪኒኮስ የጥንቱን የአቴና አነጋገር ይጠብቅ ነበርና፣ «ስፒሎስ» አትበሉ፣ በፈንታው «ኬሊስ» በሉ ሲል መክሯል። ሐዋርያት ግን ሕዝቡ የሚናገረውን ቃል ነበር የጻፉት። የዛሬዎቹ የግሪክ ሐኪሞችም በቆዳ ላይ የሚታየውን ጥቁር ነጥብ በዚሁ ስም ይጠሩታል።

በቃሉ መነሻ ላይ «አ» ሲጨመርበት «አስፒሎስ»፣ እድፍ የሌለበት ማለት ይሆናል። ጴጥሮስ ክርስቶስን እንዲህ ካለው በግ ጋር ያመሳስለዋል (1ጴጥ. 1፥19)። በሁለተኛው መልእክት ደግሞ ሐሰተኛ አስተማሪዎች ራሳቸው «ስፒሎስ» ተብለዋል (2፥13)፤ አንድ ምዕራፍ አልፎ አማኞች «አስፒሎስ» ሆነው ለመገኘት እንዲተጉ ተነግሯቸዋል (3፥14)። ሁለቱን ቦታዎች ጎን ለጎን አድርገው ቢያነቡ ቃሉ ሆን ተብሎ እንደተመለሰ ያያሉ።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ያዕቆብ 1፥27 ነው። ብዙዎቻችን ከዓለም እድፍ መጠበቅን በር ከመዝጋት ጋር እናያይዘዋለን፤ ከእገሌ ጋር አትቀመጥ፣ እዚያ ቤት አትግባ እንላለን። ያዕቆብ «አስፒሎስ» ከማለቱ በፊት፣ በዚያው ዓረፍተ ነገር፣ በመከራቸው ያሉትን ወላጅ አልባ ልጆችና መበለቶች መጠየቅን ያስቀምጣል። ሁለቱ የተነጣጠሉ አይደሉም። ልብሱ እንዳይነካ ብሎ የመበለቲቱን ደጃፍ የማይረግጥ ሰው ጥቅሱን በግማሹ ነው ያነበበው።

ይሁዳም በቁጥር 23 ከዚሁ ቃል የወጣውን ግሥ ይጠቀማል፤ በሥጋ ያደፈውን ልብስ እንኳ እንድንጠላ ያዛል። ልብሱ በግሪክኛ «ኪቶን» ነው፤ ከገላ ጋር ተጣብቆ ከውስጥ የሚለበስ ቀሚስ። እንግዲህ ያንን ልብስ የለበሰውስ ሰው? ስለ እርሱ የተጻፈው ምሕረት አድርጉለት የሚል ነው። በፍርሃት ይሁን እንጂ ምሕረት ነው። ሰውየውን ሳንቀርበው ልንምረው አንችልም።